የማን ምራት ነህ?

ለብዙ ዓመት ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ ሰው ሲጠራኝ በስሜ አልነበረም። «ምራቷ» ነበር የምባለው። ጢሜን የማሳድግ፣ ድምፄ ከጄኔሬተር በላይ የሚሰማ፣ ቪዲዮ ቤት ያለኝ ሰውዬ ነኝ፤ ምራቷ ግን እኔ ነኝ። «ምራቷ፣ ዛሬ ምን ፊልም አለ?» ይለኛል ጎረምሳው። መጀመሪያ ሰሞን ልደባደብ እነሳ ነበር። ቁጡ ሰው ላይ የወጣ ቅጽል ስም ደግሞ ቶሎ ይጣበቃል፤ እየተናደድኩ እኔው ራሴ አጣበቅኩት። ስሙ እንዴት እንደወጣልኝ የሚያውቅ ብዙ ነው። ስሙ ውስጥ እናቴ እንዳለችበት የሚያስብ ግን የለም፣ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

መንግሥት ተለውጦ ክልልና ዞን የሚባለው ነገር በመጣ ሰሞን ነው ሆሳዕና መናኸሪያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት የከፈትኩት። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ካልተላገ ጣውላ የተመታ አግዳሚ፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ላስቲክ። የህንድ ፊልም ሲሆን ማይክ ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆምና በአማርኛ እተረጉማለሁ። ህንድኛ አንድ ቃል አላውቅም። ተመልካቹም እንደማላውቅ ያውቃል። የልጅቷ አባት ሲቆጣ እንደ ሆሳዕና አባት እቆጣለሁ፤ ወንበዴው ሲዝት በመናኸሪያው ተራ አስከባሪ አፍ እዝታለሁ። ያንኑ ፊልም ሁለተኛ የሚያይ ሰው ተነስቶ «ትናንት እንዲህ አላለም!» ይለኛል። «ዛሬ ሐሳቡን ቀይሯል» እለዋለሁ። በገበያ ቀን ቴሌቪዥኑን በፍራሽ ጠቅልዬ ከጄኔሬተሩ ጋር አይሱዙ ላይ እጭንና ጊምቢቹ ወይም ሞርሲቶ እሄዳለሁ። ሠርግም እቀርጽ ነበር። በአገሩ ላይ ሰው የሚስቅበትና የሚያለቅስበት ነገር ሁሉ በእኔ እጅ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

ሥዕል ማንቀሳቀስ የተማርኩት ከሠርግ ነው። የሙሽሮቹን ስም ካርቶን ላይ ጽፌ ካሜራ ስር አስቀምጬ ስቀርጽ ክንዴ ካርቶኑን ነካው። ቀረጻውን አቆምኩ፣ ካርቶኑን አስተካከልኩ፣ ቀጠልኩ። በኋላ ካሴቱን ሳየው የሙሽራው ስም ወደ ሙሽሪት ስም ፈቀቅ ብሏል። ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ስማቸውን ከወዲያ ወዲህ ሳስኬድ ዋልኩ። የፈረንጅ ካርቱን አይቻለሁ፣ ግን ሰው በእጁ የሚሠራው አይመስለኝም ነበር፤ የሆነ ማሽን የሚወልደው ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ ወዲያ ቀጭን ወረቀት ላይ እየሳልኩ፣ አንዱን ሥዕል አንስቼ ሌላውን እየተካሁ፣ የካሜራውን ቁልፍ ተጭኜ እየለቀቅኩ መሥራት ጀመርኩ። ካሜራው ቶሎ ስለማይቆም እንስሶቼ ሁሉ ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው እየተንቀጠቀጡ ነበር የሚራመዱት። ቢሆንም ይራመዳሉ። በዚህ አገር እንስሳ ስሎ ያስኬደ ሰው ከእኔ በፊት አላየሁም፣ ይህንንም ሳልናገር የዋልኩበት ቀን አልነበረም።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማስተማር ጀምረዋል። ሆሳዕና በሀድይኛ፣ ዱራሜና አንጋጫ በከምባትኛ። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ አባቴና እናቴ ከአንጋጫ ገጠር ነው ሆሳዕና የገቡት። አባቴ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ልጆቹ ቢሮ እንዲገቡለት ስለሚፈልግ በአማርኛ ብቻ ነበር የሚያናግረን። ሰፈር ውስጥ የምንጫወተው በሀድይኛ ነው። ከምባትኛ የሰማሁት ከእናቴ አፍ ብቻ ነው፤ አባቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ከዚያም በኋላ በቤታችን የከምባትኛ ባለቤት እሷ ብቻ ነበረች። አማርኛዋ ግን ያስቀኝ ነበር። «ን»ን እና «በ»ን ታቀያይራለች፤ «በልጁ ጠራሁ፣ መኪናን መጣሁ» ትላለች። እኔ፣ የህንድ ተርጓሚው፣ በሰው ፊት ሳይቀር አርማት ነበር።

እንግዲህ በከምባትኛ ለሕፃናት ፊልም ልሠራ ተነሳሁ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ጥጃ ገበያ ውስጥ ትጠፋለች፣ እናቷ ላሚቱ እየተጣራች ትፈልጋታለች። ሐሳቤ የዞኑ የትምህርት ሰዎች አይተው በየትምህርት ቤቱ እንዲያሳዩት ነበር። ይህ ከሆነ ጎረምሳ የሚያባልግ ሰው መባሌ ይቀራል፤ የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። እናቴ መዘምራን ውስጥ ነበረች። ቪዲዮ ቤቴን ረግጣው አታውቅም፤ ምሳዬን እንኳ ከበር ላይ ሰጥታኝ ነው የምትመለሰው።

ስሥል ግን አጠገቤ መቀመጥ ትወድ ነበር። አንድ ቀን ጥጃዋ ከተኛችበት ስትነሳ የሳልኩትን አየችና ሳቀች። የፊት እግሯን አስቀድሜ ነበር ያነሳኋት። «ይቺ ፈረስ ናት» አለችኝ። «ከብት የኋላዋን ነው የምታስቀድመው።» ተናድጄ የሠራሁትን ሁሉ ቀድጄ እንደገና ሣልኩ።

ለላሚቱ ድምፅ እንድትሆነኝ ስለምናት ሰንበት አልፎ ሌላ ሰንበት እስኪመጣ ጸለየችበት። ከዚያ «ላም መሆን ኃጢአት አይደለም» ብላ መጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጋቢ አከናንቤ ቴፑን ጉያዋ ውስጥ አስገባሁላት። ከጋቢው ስር ጥጃዋን ስትጣራ ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ልጅ ሆኜ ለራት እኔን የምትጠራበት ዜማ ነው። የተጣራችበት ቃል በከምባትኛ «ጥጃ» ማለት ነው፣ እኔ እንደማውቀው። የፊልሙንም ርእስ ያንኑ ቃል አደረግኩት፤ በላቲን ፊደል፣ በቀይ ቀለም፣ ቴሌቪዥኑን ሞልቶ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።

ለመስቀል አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ዱራሜ ላይ አዳራሽ ይዤ፣ ሁለት ቴሌቪዥን ግራና ቀኝ አቁሜ፣ ዴኩን የሚያስነሳልኝ አንድ ሰውዬ ቀጥሬ ሰው ጠራሁ። የትምህርት ሰዎቹ መጡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ሽማግሌዎች አስከትለው ከአንጋጫ መጡ። እናቴን አዲስ ነጠላ አስለብሼ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ማይክ ይዤ ስለ ራሴ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩ። መብራቱ ጠፋ፣ ቀዩ ርእስ ወጣ።

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ላሚቱ በእናቴ ድምፅ ስትጣራ አዳራሹ በሙሉ አውካካ። ልጆች አይደሉም የሚስቁት፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሳላውቀው አስቂኝ ፊልም የሠራሁ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ አብሬ መሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መብራት ሲበራ አጎቴ አልሳቁም። መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ለመሆኑ አንተ የማን ምራት ነህ?» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?»

«ወንድ ልጅ በምራት አፍ ይናገራል? ያውም ጽፎ፣ ለአገር አሳይቶ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምባታ ውስጥ ያገባች ሴት የአማቷን፣ የባሏን አባት ማለቴ ነው፣ ስም አትጠራም። እስከዚህ ሌላም አገር አለ። የእኛዋ ግን የአማቷ ስም በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ማንኛውንም ቃል አታነሳም። በአማርኛ ብናስበው፣ የአማቷ ስም በ«ጥ» የሚጀምር ሴት ጥጃም፣ ጥጥም፣ ጥርስም አትልም ማለት ነው። በምትኩ ምራቶች የሚያውቋቸው ሌሎች ቃላት አሉ። ይህ ባሊሻ ይባላል፤ አማትየው ቢሞትም አይቀርም። የአያቴ ስም የሚጀምረው ጥጃ የሚለው የከምባትኛ ቃል በሚጀምርበት ድምፅ ነው። እናቴ ምራት ሆና ከገባች ጀምሮ ያን ቃል በአፏ አላዞረችውም። እኔም ከእሷ ሌላ አስተማሪ ስላልነበረኝ የምራቷን ቃል ዋናው ቃል ነው ብዬ አደግኩ። የሌላ ቤት ልጅ ከአባቱ፣ ከአጎቱ፣ ከጎረቤቱ ትክክለኛውን ይሰማል። እኔ ሆሳዕና መሐል ከማን ልስማ? ቃሉን የማልጽፈውም ለዚህ ነው፤ ብጽፈው የአገሩ ሰው የአያቴን ስም መጀመሪያ ያገኘዋል።

ከትምህርት ሰዎቹ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ ሥዕሉ ግሩም ነው። ግን የአገሩን ሕፃን በሙሉ ምራት ልታደርግብን ነው?» አለኝ። እንደገና ተሳቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዞር ስል እናቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ሴቶቹ በዓይን እየጠቆሙ ያሳዩዋታል። በዚያች ሰዓት ሄጄ አጠገቧ መቀመጥ ነበረብኝ። ካሴቴን ነቅዬ በጓሮ በር ወጣሁ።

ወደ ሆሳዕና ስንመለስ እኔ ጋቢና፣ እሷ ከኋላ። ቤት ገብተን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጮህኩባት።

«አማ፣ ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?»

«ምኑን?»

«የምራት ቃል መሆኑን!»

ትክ ብላ አየችኝ። አለማወቄን እሷም ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። «አያትህን አክብረህ የጻፍከው መስሎኝ ነበር እኮ» አለችኝ። «በትልቁ ስትጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።»

ይህን ሰምቶ የማይለዝብ ልብ የማን ነው? የእኔ። ቴፑን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «እንግዲያው ትክክለኛውን በይልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ» አልኳት። አያቴ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ከእኔ ሌላ የሚሰማሽ የለም፣ እግዚአብሔርም ይህን አላዘዘም፣ አንቺ ደግሞ ያመንሽ ሴት ነሽ፤ ያልተናገርኩት የለም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቴፑ ዝምታዋን ሲቀዳ ቆይቶ ጠቅ ብሎ ቆመ።

ከዚያ ቀን በኋላ የማውቀውን ከምባትኛ ሁሉ ተጠራጠርኩ። ከዱራሜ ሆሳዕና ለማስተማር የመጣች፣ ያላገባች ልጅ ጎረቤታችን ተከራይታ ነበር። እየሄድኩ «ይሄ ምን ይባላል? ያስ?» እያልኩ እጠይቃታለሁ። አንዳንዱን ስነግራት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትይዛለች፤ ያም የምራት ቃል ነው ማለት ነው። እንጨቱም፣ ዕቃውም፣ የምግቡም ስም እንዲሁ እየሆነ ተገኘ። እኔ ትልቁ ሰውዬ አያቴን ስሸሽ የኖርኩ ምራት ኖሬያለሁ። ልጅቷ ጥሩ ሰው ነበረች፤ እኔ ግን ከእሷ ቤት በወጣሁ ቁጥር የምናደደው በእናቴ ነበር።

ለላሚቱም ድምፅ ያቺኑ አስተማሪ ያዝኩ። አማት የላት፣ ምን ቸገራት፤ ቃሉን ቀለል አድርጋ አለችው። ርእሱን አዲስ ጻፍኩ። የእናቴ ድምፅ ባለበት ካሴት ላይ የልጅቷን ድምፅ ቀዳሁበት። ባዶ ካሴት እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። እውነቱ ግን ያንን ድምፅ ማጥፋት ነበር የፈለግኩት። የትምህርት ሰዎቹ አዲሱን ወደዱት። ፊልሙ በየትምህርት ቤቱ ዞሮ ታየ፣ በየስብሰባው ተመሰገንኩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ሰላም አሉኝ። ምራቷ መባሌ ብቻ አልቀረም።

ነገሩ ከተሳካልኝ በኋላ ፊልሙን ለእናቴ ላሳያት ፈለግኩ። በእኔ ቤት ይቅርታ መጠየቄ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ ቤቴ ገባች። ረፋዱ ላይ ነው፣ ሌላ ሰው የለም፤ አግዳሚውን ጠርጌ አስቀመጥኳት። ጥጃዋ የኋላ እግሯን አስቀድማ እየተንቀጠቀጠች ስትነሳ እናቴ ፈገግ አለች። ከዚያ ላሚቱ አፏን ከፈተችና በሌላ ሴት ድምፅ ያን ቃል ጮኸችው። እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳበች፣ አንገቷን ደፋች፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሳትሰጥ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደች ወጣች። ልጅ ሆኜ አንጋጫ ስንሄድ፣ አያቴ ወደ ቤት ሲገቡ፣ እንዲህ ስትወጣ አይቻት ነበር።

ተከትያት ወጣሁ። የመናኸሪያው ጫጫታ መሐል ቆማ አገኘኋት። በአማርኛ ነው የተናገረችኝ። አማቷ አማርኛ ስለማያውቁ በዚያ ቋንቋ የምትሸሸው ቃል የላትም፤ ወይም እኔ በደንብ እንድሰማት ብላ ይሆናል።

«እኔ አማቴን አፈርኩ» አለችኝ። «አንተ ግን በእናትህ አፈርክ።»

ዕድሜዋን ሙሉ «ን»ን እና «በ»ን ስታቀያይር የኖረች ሴት የዚያን ቀን አልተሳሳተችም። የማርመው ነገር አጣሁ። እስከ ቤቷ እንኳ አልሸኘኋትም፤ ፊልም የማስገባበት ሰዓት ደርሷል ብዬ ተመለስኩ።

ስለዚያ ፊልም ከዚያ በኋላ አንስተን አናውቅም። ምሳዬን እንደ ድሮዋ ከበር ላይ ትሰጠኛለች፣ እኔም እበላለሁ። ጥቂት ዓመት ቆይታ አረፈች። አብረዋት ይዘምሩ የነበሩ ሴቶች ለቅሶው ላይ «ወይ ያ ድምፅ» እያሉ አለቀሱ። የስንቱን ሰው ሠርግና ልደት በካሴት ደርድሬያለሁ፤ የእናቴን ድምፅ የት እንዳደረስኩት ግን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሲያጽናናኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በሐዘን ነው የመሰላቸው።

በሌላ ጊዜ ከሶዶ ስመለስ ሚኒባሳችን አዲሎ ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። ሊነሳ ሲል አንዲት ጥጃ መጥታ ከጎማው ፊት ተጋደመች። ሹፌሩ ክላክስ ቢያደርግም አትነሳም። ከመንገድ ዳሩ ሻይ ቤት ጓሮ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ ብላ ተጣራች። ያን ቃል፤ የምራቷን ቃል፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ በሚንጠለጠል ዜማ። ከመኪናው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

«እንደዚህ ብለሽ እንድትጠሪያት ማነው ያስተማረሽ?»

ልጅቷ ፈርታኝ ወደ ውስጥ ሮጠች። እናቷ እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ስሟ ነው» አለችኝ። «ካሴት ላይ የነበረችውን ጥጃ ስም አወጣችላት። ቃሉስ የምራት ቃል ነው፣ ሰውም ይስቅብናል። ግን በሌላ ብንጠራት አትሰማም።»

ለካ ዱራሜ ላይ ዴኩን ያስነሳልኝ ሰውዬ ሌላ ዴክ አያይዞ ፊልሜን ገልብጦታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌባ ብዬ አገር አምስ ነበር። «ካሴቱ አለ?» ብዬ ብቻ ጠየቅኳት። ድምፄ ልመና መምሰሉ ገርሟት አየችኝ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደጋግመው ሲያሳዩት ዴኩ በልቶት ከጣሉት ቆይተዋል። ስም ላለመጥራት ሲባል የሚነገር ቃል እዚህ ስም ሆኖ ጠበቀኝ፣ ይህንንም የምነግራት እናት የለችኝም።

ጥጃዋ አሁንም እንደተኛች ናት። ሹፌሩ የሆሳዕና ሰው ነው፣ ያውቀኛል። «በል አስነሳት እንጂ፣ አንተ እንስሳ ታስኬድ የለም እንዴ!» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ጎንበስ አልኩ። ትክክለኛው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ በየትምህርት ቤቱ ያዞርኩት፣ የተመሰገንኩበት ቃል። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። በእናቴ ቃል፣ በእናቴ ዜማ ጠራኋት። ጥጃዋ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ የኋላ እግሯን አስቀድማ ተነሳች።

«አንተ ሰውዬ፣ የማን ምራት ነህ?» አለ አንዱ በመስኮት በኩል።

«እናቴን አፍሬ ነው» አልኩት። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ አንገቴን ደፍቼ ወደ ወንበሬ ገባሁ።